የውሃው ጌጅ

ሐርጌሳ፣ መጋቢት 12 ቀን 1985 ዓ.ም.

ብሩክታይት አባዮ፣ እህቴ፣

አለሁ። ሰላምታው ይቆየንና ከሁሉ በፊት የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ፤ አለሁ፣ አልሐምዱሊላህ። ፖስታው ላይ የእጅ ጽሕፈትሽን ሳይ ደጃፉ ላይ ዘፍ አልኩ። ጎረቤት ሁሉ መርዶ የመጣብኝ መስሎት ተሰበሰበ። ባለቤቴ ቡራሌም አለ፣ ልጄ ሳጋልም አለች። ከስደተኞች ካምፕ ተመልሰን አሕመድ ዳጋህ ሰፈር፣ የድሮው ግቢያችን ውስጥ ነን። ከአንዱ ክፍል በቀር ጣሪያ የለውም፣ የእሱም ጣሪያ ሸራ ነው። ግን የራሳችን ነው።

«አማርኛውን እንዴት እስካሁን አልረሳሽውም?» ትይኛለሽ። ሌላ ምን ፊደል አለኝና ልርሳው? ጅጅጋ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን አንቺ ከደብተሬ እየኮረጅሽ (እኔ አይደለሁም፣ አንቺ ነሽ) የተማርነው እሱ ብቻ ነው ያለኝ። እዚህ ሰው ሁሉ ሶማሊኛን በላቲን መጻፍ ሲማር እኔ ገና እናንተ ዘንድ ነበርኩ። ዛሬም የመድኃኒት ወረቀት ሰው ካላነበበልኝ አላውቀውም።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ። ኦስቲኗን ታስታውሻታለሽ? የላክሁልሽ የሰርጌ ፎቶ ላይ ከኋላዬ የምትታየው ጥቁር መኪና ናት። እንግሊዞቹ ሲወጡ ቡራሌ የገዛት። ከተማው ሲደበደብ የቤታችን ጣሪያ ተደረመሰባት፣ ያተረፋትም እሱው መደርመሱ ነው። ዘራፊዎቹ በመስኮት እጃቸው የደረሰበትን ሁሉ ወሰዱ እንጂ ያን ሁሉ ድንጋይ አንስቶ መኪናዋን የሚያወጣ ትዕግሥት አልነበራቸውም። ዳሽቦርዱ ከነጌጁ ከነሽቦው ተነቅሏል። መሪው ፊት ለፊት አሁን ያለው ባዶ ጉድጓድ ነው፣ ጥርሱ የረገፈ ሽማግሌ ትመስላለች።

አቦኮር የሚባል መካኒክ ሞተሩን አስነስቶልናል። ቁልፉን ግን አልሰጥም ብሏል። «ጌጅ የሌላት መኪና ይዘሽ ከከተማ ከወጣሽ መመለሻሽን አላህ ይወቀው» አለኝ። አየሽ፣ የምነዳው እኔ ነኝ። ቡራሌ ዓይኑን ሞራ ጋርዶታል፣ ጥላ ነው የሚያየው። አንቺ ደግሞ ዕድሜ ልክሽን የአውሮፕላን ጌጅ ስትጠግኚ ነው የኖርሽው። ከወርክሾፕ የተጣለ፣ ለአውሮፕላን የማይሆን ጌጅ ካለ ለምኚልኝና ዳሽቦርዱን አንቺው ንደፊልኝ። ፊቱ ላይ በአማርኛ ጻፊበት፣ ያለዚያ አላነበውም። ሳንቃ አግኝቻለሁ፣ ከጥይት ሣጥን የተነቀለ። ርዝመቱ አምስት ስንዝር ነው።

ለምን እንደቸኮልኩ አልነገርኩሽም። ሳጋል ባሏ በርበራ ወደብ ነው የሚሠራው፣ እሷም እዚያ ናት። ነፍሰ ጡር ናት፣ የመጀመሪያዋ። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ነው የሚወለደው፣ እናንተም ጋ እንደዚሁ ነው። በርበራ በክረምት እሳት ነው። ልጄን ከፍየልና ከሲሚንቶ ጋር የጭነት መኪና ላይ ጭኜ አላመጣትም፣ ወላሂ አላደርገውም።

እህትሽ ዓምራን


አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 9 ቀን 1985 ዓ.ም.

ውድ ዓምራን፣

መልሱ ስለዘገየ ይቅርታ። መኖርሽን ሳነብ ደስታው ገና ከደረቴ ሳይወርድ ፍርሃቱ ያዘኝ፣ ብዕርም አላነሳ አልኩ። ስለ ኩረጃው ግን ዋሽተሻል፣ ለዚህ ምስክር እጠራለሁ።

እኔ እንደምታውቂኝ ነኝ። ሌላው ሰው አሥር ጊዜ የሚያስበውን መቶ ጊዜ አስቤ፣ በመቶ አንደኛው የምፈራ። ከሐርጌሳ በርበራ ያለው መንገድ ግራና ቀኙ ፈንጂ ነው ይባላል። እዚህ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች ነግረውኛል። እውነት ነው ወይ ብዬ ልጠይቅሽ እፈልግና ደግሞ መልሱን እፈራለሁ። ሌላ ሰው ሄዶ አያመጣትም? አማቾችሽስ?

እምቢ እንደምትይ ስለማውቅ ሥራውን ጀምሬዋለሁ። ግን በስንዝር ዳሽቦርድ አይነደፍም፣ የእኔ እመቤት! የማን ስንዝር ነው? በወረቀት ላይ እጅሽን አስቀምጠሽ ዙሪያውን በእርሳስ ስመሪና ላኪልኝ፣ እዚህ በማስመሪያ እለካዋለሁ። መሪው በየት በኩል እንደሆነም ንገሪኝ።

አሠራሩን ላስረዳሽ። አውሮፕላን ላይ ብልህ ሰው የሠራው ሰሌዳ ከሆነ አብራሪው ቁጥር አያነብም። ጌጆቹ እየዞሩ ይገጠማሉ፣ ሁሉ ነገር ደህና ሲሆን ጠቋሚዎቹ በሙሉ ቀጥ ብለው ወደ ላይ እንዲቆሙ። አንዱ ከተጋደመ ዓይን ወዲያው ይይዘዋል። ላንቺም እንደዚያ አደርግልሻለሁ። ትልቁ የፍጥነቱ ነው፣ መሪው ፊት ይሆናል። የዘይቱ ከጎኑ። ነዳጁና ውሃው ደግሞ ትናንሽ መንታ ናቸው፣ ጎን ለጎን። ዘይቱና ውሃው ቀጥ ብለው ከቆሙ መንገድሽን ሂጂ። ነዳጁ ብቻ እንደ ልቡ ይወጣል ይወርዳል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አደጋው የሚጀምርበትን ጫፍ ቀይ ልቀባው ወይ? ደንቡ እንደዚያ ነው። መልስሽን እየጠበቅሁ ነው።

ብሩክታይት


ሐርጌሳ፣ ግንቦት 3 ቀን 1985 ዓ.ም.

ብሩኬ፣

እጄን ስዬ ልኬልሻለሁ። ቀለበቱ ያለበትን ጣት አወፈርሽው እንዳትይኝ፣ እርሳሱ ነው። መሪው በቀኝ ነው፣ የእንግሊዝ ነገር። አሁን ሁላችንም በቀኝ መንገድ ስለምንነዳ እኔ የምቀመጠው ከመንገዱ ዳር በኩል ነው። ቡራሌ በግራዬ ተቀምጦ ከፊት የሚመጣውን መኪና በጆሮው ሰምቶ ይነግረኛል። አትሳቂ፣ ከእኔ ዓይን የእሱ ጆሮ ይሻላል።

ቀዩን አደራሽን! ቀይ የሚባል ነገር እንዳታደርጊብኝ። እዚህ ፈንጂ የሚያወጡት ሰዎች ያላጸዱት ቦታ ድንበር ላይ ድንጋይ ቀይ ቀብተው ያስቀምጣሉ። ቀይ ድንጋይ ካየሽ ከዚያ ወዲያ መርገጥ የለም። ጎረቤቴ ሻምሶ እንጨት ስትለቅም አላየችውም፣ አሁን በአንድ እግሯ ናት። እኔ ራሴ ገበያ ውስጥ ቀይ ሻሽ ሳይ እግሬ ከመሬት ይጣበቃል። ስነዳ ፊቴ ላይ ቀይ ካስቀመጥሽልኝ ፍሬን ረግጬ መሀል አስፋልት ላይ ደርቄ እቀራለሁ። ፊደሉ ይበቃኛል። ማንበብ እችላለሁ እኮ፣ አንቺን ያሳለፍኩሽ ሰው ነኝ!

«ፈርተሽ ነው ወይስ ጀግና ሆነሽ?» ብትይኝ መልሱ ይኸው ነው። ለሰው አልናገርም፣ ላንቺ ግን ልናገር። እፈራለሁ። የምፈራው ግን ለራሴ አይደለም። ቡራሌ ድንጋዩን ያያል፣ ቀለሙን አያይም። ከቤት ስንወጣ ክንዱን እይዘዋለሁ። ሰው ፊት ያፍራል፣ «ልጅ አደረግሽኝ» ይለኛል፣ እኔ ግን አለቀውም። ቤት ሁን ብለው ደግሞ ልጁን ለማምጣት ያለ እሱ እንደማልሄድ ያውቃል። ለእሱ ያቺ መኪና ዓይኑ ናት፣ ሞተሩን እየሰማ ይኖራል።

ስለ አማቾቼ የጠየቅሽኝን ተይው። የሉም።

ጌጁን ቶሎ ላኪልኝ። ሳጋል እግሯ እያበጠ ነው አሉኝ።

ዓምራን


አዲስ አበባ፣ ሰኔ 2 ቀን 1985 ዓ.ም.

ውድ ዓምራን፣

ይህን ደብዳቤ ከሣጥኑ ጋር ከጅጅጋ ሐርጌሳ የሚመላለሰው ሮብሌ ያደርስልሻል። ጅጅጋ ድረስ ሰው ይዞለት ይሄዳል፣ ከዚያ እሱ ይረከባል። አሁንም ይቅርታ፣ ዘገየሁ። የነዳጁንና የውሃውን ፊት ሁለት ጊዜ ስዬ ሁለት ጊዜ ጣልኩት። ጌጆቹ ትናንሽ ናቸው፣ ከሻይ ስኒ አፍ አይሰፉም። ሙሉ ቃል ልጽፍ ስል ጠቋሚው ፊደሉ ላይ ተኝቶ ይሸፍነዋል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ፊደል ብቻ ጻፍኩ። ነዳጁ ከግራ «ባ» ከቀኝ «ሙ»። ውሃው ከግራ «ቀ» ከቀኝ «ሙ»። መሀል ላይ ደግሞ «ነዳጅ» እና «ውሃ» የሚለውን በደንብ አድርጌ ጽፌልሻለሁ። ቀዩን እንዳልሽው ትቼዋለሁ። እጄ ቀይ ቀለም ውስጥ ገብቶ ነበር፣ መልሼ አጠብኩት።

ለአቦኮር እንዲገባው በየሽቦው ላይ ክር አስሬያለሁ። ሰማያዊው የውሃው፣ ቢጫው የነዳጁ፣ ጥቁሩ የዘይቱ ነው። ሳንቃውን ሲበሳው በወረቀቱ ንድፍ ላይ ይሁን፣ በዓይኑ እንዳይገምት።

ስሚኝ፣ አንድ ቃል ስጪኝ። መኪናዋ ብትቆም እንኳ ከአስፋልቱ እንዳትወርዱ። ለሽንትም፣ ለጸሎትም፣ ለምንም። ውሃ በጀሪካን ያዙ። እኔ እዚህ ሌሊቱን ሙሉ በሐሳቤ መንገዱን ስነዳ ነው የማድረው፣ ባለቤቴ «ተኚ እንጂ፣ ደረስሽ እኮ» እያለ ይስቅብኛል። እሱ ይሳቅ። አንቺ ግን ቃል ግቢልኝ።

ብሩክታይት


ሐርጌሳ፣ ሐምሌ 1 ቀን 1985 ዓ.ም.

ብሩክታይት እህቴ፣ የእጅሽን በረከት አላህ ያብዛው!

ገጠምናት! አቦኮር ሳንቃውን በዘይት አሽቶት መስተዋት አስመሰለው። ሰፈሩ ሁሉ ሊያይ መጥቶ ነበር። «ይህ የምን ጽሑፍ ነው?» ይላሉ፣ «የሐበሻ አስማት ነው፣ የነካው እጁ ይደርቃል» እላቸዋለሁ። ቡራሌ ጌጆቹን በጣቱ አንድ በአንድ ዳሰሳቸው። «ብሩክታይት ይቺ ናት?» እያለ ብርጭቆውን ያንኳኳል። ሰላም ብሎሻል።

እንዴት ይሠራል ብትይኝ፣ እንደ ሰዓት ነው። ዘይቱ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ነዳጁ እንዳልሽው ይወጣል ይወርዳል። ከሁሉ ያስደሰተኝ የውሃው ነው። ጠዋት ቀ ላይ አድሮ ይጠብቀኛል፣ ቀንሶ ማለት ነው። ሞተሩ ሲነሳ ውሃውን ይስበዋል መሰለኝ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። ባለፈው ዳገቱን ወደ ሃያ ስድስት ጁን ሰፈር ስንወጣ ቀጥ ከማለትም አልፎ ወደ ሙ ተጠጋ፣ ሙሉ ሊሆን ምንም አልቀረው! ስንደርስ አቦኮር ራዲያተሩን ልይ ሲለኝ «ምን ታያለህ፣ ውሃው ሙሉ ነው ብላ ጽፋልኛለች» ብዬ ከለከልኩት። ሁለት መካኒክ ያለኝ ሰው ነኝ እኮ፣ አንዱ እዚህ አንዱ አዲስ አበባ።

የምንነሳው በሚቀጥለው ሳምንት በጁምዓ ማግስት ጠዋት ነው። ሳጋል አላስችል ብሏታል። ስንመለስ ፍራሽ ከኋላ አነጥፍላታለሁ። ዕቃዋ ብዙ ነው፣ ለአራስ ቤት የሚሆን ሁሉ ተገዝቷል። ጀሪካኑን ስለዚህ አወረድኩት። አትቆጪኝ። ውሃው ሁሌ ሙሉ ከሆነ ሌላ ውሃ ተሸክሜ ቦታ ለምን አጠባለሁ?

ከአስፋልት ላለመውረድ ቃሌን ሰጥቼሻለሁ። ወላሂ አልወርድም። ከሩቅ የፈንጂ አውጪዎቹን ነጭ መኪና ባየሁ ቁጥር እግሬ ፍሬን ላይ እንደሚሄድ ላንቺ ብቻ ነው የምናገረው። ዱዓ አድርጊልኝ፣ በእናንተም ደንብ ቢሆን ግድ የለም።

ዓምራን


አዲስ አበባ፣ ሐምሌ 14 ቀን 1985 ዓ.ም.

ዓምራን፣ መኪናዋን አታስነሺ!

ሰላምታ የለም። ደብዳቤሽ አሁን ነው የደረሰኝ፣ ቆሜ ነው የምጽፈው። ሙ ሙሉ አይደለም። ነዳጁ ላይ ነው ሙሉ። ውሃው ላይ ሙቅ ነው። ሙቅ! ቀ ደግሞ ቀዝቃዛ ነው። ጌጁ የውሃውን መጠን አይለካም፣ ግለቱን ነው የሚለካው። ጠቋሚው ወደ ሙ ሲሄድ ውሃው እየሞላ ሳይሆን እየፈላ ነው፣ እየተነነ እያለቀ ነው። ዳገት ላይ ያየሽው ሞተሩ ሊቃጠል ሲል ነው። አንቺ ደስ ብሎሽ መንዳት ቀጠልሽ።

የጻፍኩልሽን ሁሉ ግልባጩን አውጥቼ አነበብኩት። «የውሃው ጌጅ» እያልኩ ነው የጻፍኩት፣ ሁላችንም ወርክሾፕ ውስጥ እንደዚያ ስለምንለው። ሙቀት የሚል ቃል አንድ ቦታ የለበትም፣ አንድም ቦታ! ሁለት ሙ ጎን ለጎን ሳስቀምጥ፣ አንደኛዋ ደግ አንደኛዋ ክፉ እንደሆነች ለእኔ ፊት ለፊት ይታየኝ ነበር። አንቺ ከየት ታውቂዋለሽ? ቀይ ባደርግበት ኖሮ ይገባሽ ነበር። ጌታዬ፣ ምን አደረግሁ?

ጀሪካኑን አወረድሽው። ይህን ሳነብ ጮኼ ኖሮ ባለቤቴ ከጓዳ ሮጦ መጣ።

ይህን ደብዳቤ ደጋግሜ ገልብጬ በተገኘው መንገድ ሁሉ እልከዋለሁ። አንዱን በእርዳታ አውሮፕላን፣ አንዱን በሮብሌ። የአክስቴ ልጅ ታዴዎስ ሐርጌሳ እርዳታ ድርጅት ውስጥ ነው የሚሠራው፣ እዚህ ቢሯቸው ሄጄ በሬዲዮ እንዲነግሩት ለምኛቸዋለሁ። «መልእክቱ ምንድነው?» አለኝ የሬዲዮው ሰው። «ሙ ማለት ሙቅ ነው በሉልኝ» አልኩት። ያበድኩ መስሎት አየኝ። አለቀስኩበትና ጻፈው።

ካልሄዳችሁ አትሂዱ። ከሄዳችሁም በርበራ ላይ ሞተሩን ሳታስነሺ ራዲያተሩን አስሞዪ፣ ውሃ ጫኚ፣ ጠቋሚው ቀጥ ከሚልበት ካለፈ አቁሚ። አቁሚና ተቀመጪ። ከአስፋልቱ አትውረዱ። የሳጋል ዕቃ ሁሉ ይጣል።

አንድ ቃል ብቻ ላኪልኝ። «አለሁ» በይኝ፣ እንደ መጀመሪያው።

ብሩክታይት


አዲስ አበባ፣ ነሐሴ 16 ቀን 1985 ዓ.ም.

ዓምራን፣

በየጊዜው የጻፍኩልሽ ደርሶሽ እንደሆነ እንኳ አላውቅም። ሮብሌ ደብዳቤውን ለጎረቤት ሰጠሁ ብሎ ልኮብኛል። ለየትኛው ጎረቤት ነው፣ ቤቱ ሰው ነበረበት ወይ ብዬ መልሼ ልኬበታለሁ። ታዴዎስ «መልእክቱ ደርሷል» ብሏል በሬዲዮ። ለማን ደርሷል? እሱን አይልም። ትናንት ደግሜ ቢሯቸው ሄድኩ። የሬዲዮው ሰው ገና በር ላይ ሲያየኝ ዓይኑን ሰበረ። ወይ ያውቃል ወይ ሰልችቼዋለሁ፣ ለመጠየቅ ፈርቼ ተመለስኩ።

ወርክሾፕ ውስጥ እጄ መንቀጥቀጥ ስለጀመረ ለጊዜው ከጌጅ ሥራ አንስተውኛል። ሰው ምን ሆነሽ ሲለኝ ወባ ነው እላለሁ። ከልጅነታችን ጀምሮ «አንቺ ለሚሆነውም ለማይሆነውም ትፈሪያለሽ» ስትይኝ ኖረሻል። አሁንም እንደዚያ በይኝ። ተቆጪኝ፣ ስደቢኝ።

የሆነ ነገር ሆኖ ከሆነ እንድትመልሺልኝ አልለምንሽም። ከዚህ በኋላ ልጽፍልሽም ፊት የለኝም። ይህ የመጨረሻዬ ነው። አላስቸግርሽም።

ብሩክታይት


ሐርጌሳ፣ ጳጉሜን 3 ቀን 1985 ዓ.ም.

ብሩክታይት፣

ደብዳቤዎችሽ ሁሉ ደርሰውኛል። የታዴዎስ መልእክት እኛ ከሄድን በኋላ ነው የመጣው። ለሻምሶ ሰጣት፣ እሷም ስለማታነበው እስክመለስ ትራሷ ስር አኖረችው። ስለዚህ በአንድ ቀን ፈጥኜ ብጽፍ ኖሮ እያልሽ አትቃጠይ። አይደርስም ነበር።

ቡራሌ የለም። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። የዘገየሁት ይህን መጻፍ አቅቶኝ ነው። ወረቀት ባወጣሁ ቁጥር ከስምሽ ማለፍ አልቻልኩም።

ስንሄድ በጠዋቱ ቅዝቃዜ ነው የወረድነው፣ ሁሉም ቀጥ ብሎ ቆሞ ደረስን። ስንመለስ ግን ፀሐዩ ወጥቶ ነበር፣ ያ የበርበራ ነፋስ ከኋላችን እንደ ምድጃ ይነፍሳል። ቡራሌ መዳፉን ዳሽቦርዱ ላይ አድርጎ ነበር፣ ሁሌም እንደሚያደርገው። «ዓምራን፣ ትኩስ ነው» አለኝ። አየሁት፣ ሙ ላይ ነው። «ሙሉ ነው» አልኩት። «እግሬ ስር ይፋጃል፣ ድምፁም ልክ አይደለም፣ አቁሚ» አለኝ። «አቦ ተወኝ፣ አንተ አታይ፣ እኔ እያነበብኩ ነው» አልኩት። ሳቀ። ወላሂ ሳቀ። ብዙም ሳንሄድ ሞተሩ ተንገጫግጮ ቆመ።

ኮፈኑን ስከፍተው ጠብታ ውሃ አልነበረም። ለመጠጥ የያዝነውን ሳጋል ጨርሳው ነበር፣ እሷም ምጥ ይሁን ድንጋጤ ሳናውቅ ሆዷን ይዛ መጮህ ጀመረች። መንገዱ ላይ የሚመጣ መኪና የለም። ቡራሌ ውሃ የሚያጠራቅሙበት የድሮ ጉድጓድ እዚያ ቅርብ እንደነበረ ያውቃል፣ በልጅነቱ ግመል ያጠጣበት ነበር። የሳጋልን አዲስ ባልዲ አነሳ። እንዳትወርድ አልኩት። «ልጄ በጥማት እያለቀች ቁጭ ልበል?» አለኝ። ክንዱን የምይዘው እኔ ነበርኩ። ያን ጊዜ ግን ሳጋል ሁለቱንም እጆቼን ጨምድዳ ይዛኝ ነበር። ቀዮቹን ድንጋዮች ከመኪናው ውስጥ ሆኜ አየኋቸው። ጮህኩ። ነፋሱ ወደ እኔ ነበር የሚነፍሰው፣ አልሰማኝም። የቀረውን አልጽፍልሽም።

የጭነት መኪና አገኘን። ያ አልጭናትም ያልኩት የጭነት መኪና ልጄን ጭኖ ቤቴ አደረሰልኝ። ምጡ ቤት ስንደርስ ቆመ፣ ከቀናት በኋላ ተመልሶ መጣ። ሴት ልጅ ናት። ሁለቱም ደህና ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ።

እንግዲህ የምትፈሪውን ልንገርሽ። ገደለችው ብያለሁ። ስምሽን እየጠራሁ ነው የጮህኩት፣ ሻምሶ ሰምታለች። መኪናዋ ተጎትታ ስትመጣ ሰሌዳውን በመዶሻ ላደቅቀው ስል አቦኮር እጄን ይዞ ቀማኝ። በሌላው ቀን ደግሞ እኔ ነኝ የገደልኩት አልኩ። ትኩስ ነው ሲለኝ ሙሉ ነው ያልኩት እኔ ነኝ፣ የሰውየውን እጅ ትቼ ፊደል ያመንኩት እኔ ነኝ። ቀይ አታድርጊ ያልኩሽም እኔ ነኝ። ዛሬ ደክሞኛል፣ ማንንም አልከስም። ነገ ደግሞ እከስሽ ይሆናል፣ አላውቅም።

አቦኮር ሞተሩ ይድናል ብሏል። ሳጋል እማራለሁ፣ እነዳለሁ ትላለች፣ አልከለከልኳትም። ለእሷ የሚሆን ሌላ የውሃ ጌጅ ፊት ሳዪላት። አማርኛ አታነብም፣ ቀይ ብቻ ቀቢበት። እጅሽ እስኪጸና እጠብቃለሁ።

የመጨረሻዬ ነው፣ ልጽፍልሽ ፊት የለኝም ያልሽውን አንብቤዋለሁ። እሱን እንኳ ተይኝ! ቡራሌን ቀብሬያለሁ። ከካምፕ ስመለስ የማውቀው ሰው ሁሉ አልቆ ነው ያገኘሁት፣ ያ ፖስታ ሲመጣ ደጃፉ ላይ ዘፍ ያልኩት አንቺ ስላለሽ ነው። በሕይወት ያለሽውን አንቺን ደግሞ እንድቀብርሽ አታድርጊኝ። እየፈራሽም ቢሆን ጻፊልኝ።

ዓምራን